ሁለት መቶ አርባ ቀዳዳ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ዛሬ ከንብረት ክፍል በፊርማ አወጣሁት። ሃያ ስድስት ዓመት የፋብሪካውን ወጪ ስመዘግብ ኖሬ ስለ ራሴ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። አሁን ለማንም የማልነግረው ነገር ስላገኘሁ ለወረቀት ልናገር ብያለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ጠዋት አስጠሩኝ። የሦስት ወሩን የወጪ ሠንጠረዥ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተውታል። የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ከታች ፊርማዬ አለበት። አንዱን መስመር በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «የእጅ ሥራ ክፍሉ በወር መቶ ሃምሳ ሺህ ያከስረናል። ያሉት እርስዎ ነዎት» አሉ።

አዎ አልኩ። ምን ልበል?

«እንግዲያው በታኅሣሥ መጨረሻ እንዘጋዋለን። እስኪወሰን ድረስ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር።»

ፋብሪካችን ብሩሽ ይሠራል። ማሽን ክፍሉ የወለል ብሩሽና የፕላስቲክ መጥረጊያ ያወጣል። የእጅ ሥራ ክፍሉ ደግሞ የጫማ፣ የፀጉርና የልብስ ብሩሽ ነው፤ የፈረስ ጭራውን አጥፈው በቀጭን ሽቦ እየሳቡ በእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ይተክሉታል። አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው። አለቃቸው ሚስቴ ናት።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

አልነገርኳትም።

እራት ላይ «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። ጥርሴን ነው አልኩ። ተነስታ ቅርንፉድ አመጣችልኝ። ደህና ጥርስ ይዤ ቅርንፉድ ሳኝክ አመሸሁ። እንዲህ ያለ ጅል አይቼ አላውቅም፤ እሱም እኔ ነኝ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ግማሽ ቀን ስለሆነ ከሰዓት ቤት ነኝ። እሷ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች፣ እኔ በመስኮት አያታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሽቦ ስትስብ የቀኝ አውራ ጣቷ ላይ የበቀለውን ቆዳ ምስማር አይበሳውም። የጋብቻ ቀለበቷን ሥራ ላይ ስለምታወልቅ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚውለው። አንድ ጊዜ ብጠይቃት ጣቷን አሳየችኝና «ቀለበቴ ይሄ ነው፤ ያንተው ሰፍቶኛል» አለችኝ።

የልብስ ብሩሹን ከክፍሉ የምትሠራው እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ሞክረው ትተውታል፤ ቀዳዳው ደቃቅ ነው፣ ዓይን ያፈሳል ይላሉ። እሷ ደግሞ እረፍቴ ነው ትላለች። ስትጨርስ ጉንጯ ላይ ታሻሸዋለች፤ የሚወጋ ጭራ ካለ ፊቷ ያገኘዋል።

ያን መቶ ሃምሳ ሺህ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለጀማሪዎች ሁሉ ቁጥር አይዋሽም እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። አሁን በመስኮት ቆሜ ሚስቴን እንደ ሌባ አያታለሁ።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ምሳ ቤት ከኋላዬ የማሽን ክፍል ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሴቶቹን ሊሸኟቸው ነው አሉ።»

«እሱ የማያውቅ መስሎሃል? የፈረደባቸው ራሱ ነው፣ ሚስቱን ጨምሮ!»

«ምን ያድርግ፣ ቁጥሩ ነው።»

ምግቤን ትቼ ወጣሁ። ደግነቱ የእጅ ሥራ ክፍሉ ምሳ የሚበላው በሌላ ሰዓት ነው፤ እሷ ጆሮ አይደርስም።

ቤት ስገባ የልጃችንን ክፍል አጽድታ ጠበቀችኝ። «ልጅቷ እንደሆነ ለትምህርት ሄዳለች። ክፍሉ ባዶውን ከሚቀመጥ ብናከራየውስ?» አለች። ጥሩ ሐሳብ ነው አልኳት። ከየት እንደመጣላት እንጃ።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

የድሮ ፋይሎቹን አወጣሁ። አቧራው አስነጠሰኝ። ከዚያ ያየሁት ነገር ወንበሬ ላይ አደረቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ብሩሽ ጭራ፣ እንጨትና የሠሪው ደመወዝ የማን እንደሆነ ይታወቃል። መብራቱ፣ የማሽኑ ማርጀት፣ መለዋወጫው፣ የግቢው ኪራይ፣ ጥበቃው፣ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ሳይቀር የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። በወር ስድስት መቶ ሺህ ይሆናል። ይህን የጋራ ወጪ በሆነ መስፈሪያ ለሁለቱ ክፍሎች ማደል የእኔ ሥራ ነው። ጥንት የመረጥኩት መስፈሪያ የሥራ ሰዓት ነበር፤ ብዙ ሰዓት የሠራ ብዙ ይሸከም።

ሁሉም በእጅ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ልክ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ትልልቆቹ ማሽኖች ሲመጡ ግን መስፈሪያውን መቀየር ነበረብኝ። አልቀየርኩም። ለምን? እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ሰዓት በወጉ የሚጽፍ አንድ ክፍል ስለነበረ ተመቸኝ። የእሷ ክፍል። በየሳምንቱ በምትልክልኝ ወረቀት ላይ ጭራ ማበጠሩ፣ መቀስ መሳሉ፣ ወለል መጥረጉ ሳይቀር በሩብ ሰዓት ተለይቶ ተቀምጧል። ማሽን ክፍሉ ዘጠኝ ሰው ይዞ የአምስቱን ብቻ ይጽፋል፣ ያውም ማሽኑ ሲዞር ያለውን። በዚህ የተነሳ የእሷ ሁለት ሺህ ሰዓት ሆነ፣ የእነሱ አንድ ሺህ። ከስድስት መቶው አራት መቶ ሺህ በእሷ ላይ። መብራቱን የሚበላው ማሽኑ፣ የሚከፍሉት አራት አምፖል ያላቸው ሴቶች።

ስድስት ዓመት ሙሉ እውነቱን በጻፈች ቁጥር ጫንኩባት። ወረቀቷ ሲመጣ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ የእጅ ጽሑፏን እወደዋለሁ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

አቋራጭ መንገድ ፈለግኩ። አፍሬ ነው የምጽፈው።

አብረን ወደ ሥራ ስንሄድ «መጥረጉንና መቀስ መሳሉን ከሰዓት ወረቀቱ ላይ ብትተይውስ?» አልኳት።

«ለምን?»

«እንዲያው ወረቀቱ እንዲያጥር።»

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀቱን የምትገዛው በራስህ ደመወዝ ነው እንዴ? የሠራነውን ሰዓት እጽፋለሁ። እማማ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ጎንበስ ብለው ሲጠርጉ እያየሁ አልሠሩም ልበል?»

እማማ የምንላቸው የክፍሉን ታላቅ ነው፤ የጫማ ብሩሽ እሳቸው ናቸው የሚሠሩት። እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ክንዴን ይዛ ሄደች፤ ልማዷ አልነበረም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

መካኒካችን ቀስ-በቀስ ይባላል። ማሽን በእሳት ቢያያዝ እንኳ «ቀስ በቀስ» ነው የሚለው። ዛሬ ቢሮዬ ድረስ መጣና «ጋሼ፣ ለየክፍሉ ለብቻው የመብራት ቆጣሪ ላስርልዎት?» አለኝ።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። አሮጌ ቆጣሪዎች አሉኝ፤ ዝም ብለው ከሚቀመጡ ብዬ ነው።» ዓይኑን ግን ከጫማው አላነሳም።

እሰር አልኩት። ሲወጣ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ብቅ ብሎ አየሁ፤ ልክ የእኛ ቤት ዳቦ ይመስላል። ለካ ሰው ሁሉ ዳቦ የሚጋግረው አንድ ዓይነት ነው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ጥድፊያ። የሁለት ሳምንት ንባብ መጣ። ማሽን ክፍል፦ ከመቶ ዘጠና አምስት። ቢሮ፦ ሦስት ተኩል። እጅ ሥራ፦ አንድ ተኩል። አራት አምፖልና አንድ የሙጫ ማሞቂያ!

ሻይዬ ቀዘቀዘ። ስብሰባ ተጠራሁ። ሄድኩ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

አዲሱን ሠንጠረዥ ሠራሁ። መብራቱን በቆጣሪው ንባብ፣ የማሽኑን ማርጀትና መለዋወጫውን ለማሽኑ ባለቤት፣ ኪራዩን በወለሉ ስፋት፣ ጥበቃውንና ቢሮውን በሰው ቁጥር አደልኩ። የእጅ ሥራ ክፍሉ ድርሻ ከአራት መቶ ሺህ ወደ መቶ ሰባ ወረደ። ክፍሉ ከሽያጩ ላይ ጭራውን፣ እንጨቱንና ደመወዙን ከፍሎ በወር ሁለት መቶ ሃምሳ ይተርፈዋል። ስለዚህ ሰማንያ ሺህ ትርፍ! ለብቻዬ ሳቅኩ።

አንድ ነገር ግን አለ። የእጀታዎቹን ቀዳዳ የሚበሳው መሰርሰሪያ የቆመው ማሽን ክፍል ውስጥ ነው። መብራቱም በእነሱ ቆጣሪ ነው የሚያልፈው፣ የሚበሳው ግን ለእኛ ነው። ብቆጥረው ስልሳ አምስት ሺህ ይሆናል። ከሰማንያው አሥራ አምስት ይቀራል።

ማን ይጠይቃል? ሥራ አስኪያጁ መሰርሰሪያው የት እንዳለ እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም። ስድስት ዓመት በድያቸዋለሁ፣ አንድ ቀን ባደላላቸው ምን አለበት?

አልቆጠርኩትም። በንጹህ ወረቀት ገልብጬ ኮቴ ኪስ ውስጥ አደረግኩት።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ገና አልነጋም። እሷ ተኝታለች። የትናንቱን ሳይበርድ ልጻፈው።

እራት በልተን እሷ ሰሃን ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «እጀታውን የሚበሳልን ማሽን ክፍል መሆኑን ረስተህ እንዳይሆን» አለች።

«የምን እጀታ?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ወረቀትህን ኪስህ ውስጥ ትተህ ኮቴን ጥረጊልኝ ያልከው ማንን ነው?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከጥርስህ ጀምሮ። ጥርሱን የታመመ ሰው ቅርንፉዱን በግራም በቀኝም እያዛወረ አያኝክም። በነጋታው የማሽን ክፍል ሰዎች አይተውኝ ጸጥ ሲሉ ደግሞ ነገሩ ገባኝ።»

ክፍሉን ማከራየቷ፣ ቆጣሪው፣ የቀስ-በቀስ ዳቦ። አንድ በአንድ መጣልኝ። ለባለቤቱ ጆሮው ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ዓይኔም ባዳ ኖሯል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ራስህ እስክትነግረኝ ነዋ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬህ ስኖር ቸኩለህ የነገርከኝ ነገር አለ?»

ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ መስፈሪያውን፣ ሰዓቱን፣ ስድስቱን ዓመት። «ያከሰርኩሽ እኔ ነኝ» አልኩ።

እጇን አደራርቃ አጠገቤ ተቀመጠች። «ይህ ማለት፣ ሰዎች ተሰብስበው ምግብ ቤት ገቡ እንበል። ሥጋ የበላውም ሻይ የጠጣውም በተቀመጠበት ሰዓት ልክ ይክፈል አልክ። እኛ ደግሞ አንድ ሻይ ይዘን ብዙ እንቀመጣለን።»

«እንደዚያው ነው።»

«ይሄን ለማወቅ ነው ዲግሪ የሚሰጣችሁ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ «መሰርሰሪያውን ግን ጨምረው። በሰው ማሽን እያስበሳን ዝም ካልን፣ በእኛ ላይ ያደረግከውን ዞረህ በእነሱ ላይ ማድረግህ ነው። አሥራ አምስት ሺህም ቢሆን ትርፍ ነው» አለች።

«ቢዘጋስ?»

«በእውነተኛው ቁጥር ይዘጋ። በውሸት ቁጥር ተከፍቶ አንተ በየወሩ ጥርስህን ከምትታመም።»

ይህችን ሴት እወዳታለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በአፌ አውጥቼ ያልኳት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። ትናንት አራተኛው ሆነ። «መዝግበው» አለችኝ። ይኸው መዘገብኩ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ገባሁ። ሁለቱን ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ አውልቀው አደረጉ።

«ስድስት ዓመት?»

«ስድስት ዓመት።»

«የፈረሙትም እርስዎ።»

«እኔ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሚስትዎ እዚያ ክፍል ባይሆኑ ይህን ያመጡልኝ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር የከረምኩት። «ላላመጣው እችል ነበር» አልኩ። «ያ የእኔ ጥፋት ነው። ቆጣሪው ግን ሚስት የለውም።»

ፈገግ ሊሉ ነበር፣ ያዙት። ቀጠልኩ፤ አፌ ከተከፈተ አይቀር ብዬ። «ክፍሉ ሲዘጋ ከአራት መቶ ሺው የትኛው ይቀርልዎታል? ኪራዩ ያው ነው። ጥበቃው ያው ነው። ማሽኑ ያረጃል። የሚጠፋው አራት አምፖል ነው። የቀረው ሁሉ በወለል ብሩሹ ላይ ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እሱ ከሰረ ብዬ እመጣለሁ።»

ተነስተው በመስታወቱ ወደ ማሽኖቹ ሲያዩ ቆዩ። የወለል ብሩሹ ኩራታቸው ነው፤ በርካሽ ነው የምንሸጠው። «ለካ እሱን ከወጪው በታች ስንሸጥ ኖረናል» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

«እያንዳንዱን የእጅ ብሩሽ ለየብቻው አስልተው ዓርብ ያምጡልኝ። የማይከፍል አላኖርም።»

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

መሰርሰሪያውን በቀዳዳ ቁጥር አካፈልኩት፤ ሌላ ትክክለኛ መንገድ የለውም። የጫማ ብሩሽ ሰባ ቀዳዳ አላት። የፀጉር ብሩሽ ዘጠና። የልብስ ብሩሽ ሁለት መቶ አርባ።

ኪራይና ጥበቃ ሳልጨምርባት፣ በራሷ እንጨት፣ ጭራ፣ ደመወዝና መሰርሰሪያ ብቻ የልብስ ብሩሽ በወር ዘጠኝ ሺህ ትከስራለች። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ቀዳዳውን ራሴ በእርሳስ ጫፍ ቆጠርኩ። ወረቀቱን ቀደድኩ፤ መልሼ ጻፍኩት። የልብስ ብሩሿ ብትቀር ክፍሉ ሃያ አራት ሺህ ያተርፋል፤ ማንም ሊነካው አይችልም።

ተምሬያለሁና ለሚስቴ ዛሬውኑ ነገርኳት። የሸሚዜን ቁልፍ እየተከለችልኝ ነበር።

«እኔማ ዓይኔን ደክሞኝ ነበር» አለች። «ለማን ልንገር እያልኩ ነው የከረምኩት። በል እንኳን ቀረልኝ።»

ዓይኗን እንደሚደክማት ነግራኝ አታውቅም። ክሩን ያለ መነጽር ባንድ ጊዜ ነው መርፌው ውስጥ ያስገባችው። ቢሆንም እንኳን ቀረላት፤ እንዲህ ከሆነ ሁላችንም ይሻለናል። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ነቅላ እንደገና ተከለችው።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ደብዳቤዎቹ ወጡ። የእጅ ሥራ ክፍሉ ይቀጥላል። የልብስ ብሩሽ የተያዘው ትእዛዝ ሲያልቅ ይቆማል። የወለል ብሩሽ ዋጋ ይጨመራል። ማሽን ክፍሉ የዘጠኙንም ሰው ሰዓት ይጻፍ ተብሏል፤ ቀስ-በቀስ «እኔም ልጻፍ?» እያለ ያጉረመርማል። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የዘንድሮው ጭማሪም ቀርቷል። የሚገባኝን ነው ያገኘሁት፤ ከዚህም ያነሰ።

ክፍላቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ በአሥራ አንዱም ፊት። ለመናገር የያዝኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። እማማ ናቸው ያዳኑኝ። «ስድስት ዓመት አከሰርከን፣ በአንድ ወር አተረፍከን። አንተ ሰው ነህ ወይስ የአየር ጠባይ?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ጠረጴዛዋ ላይ ያልተጨረሱ አራት የልብስ ብሩሾች ነበሩ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ትእዛዝ ሐሙስ ተላከ። ትናንት እሷ የጫማ ብሩሽ ልትማር ከእማማ ጎን ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አለቃ ሆና እንደ ተለማማጅ። አንድ ወረቀት አስፈርማለሁ ብዬ ገብቼ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደቃቅ ቀዳዳ የለመደ እጅ ለሰፊው ቀዳዳ እንግዳ ነው። ጭራው አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። እማማ «ቀስ በይ ልጄ፣ ይሄ የቆዳ ነው እንጂ የሐር አይደለም» ይሏታል። ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ትስባለች። እንደጨረሰች ሳታስበው ብሩሹን ወደ ጉንጯ ወሰደችው። ከዚያ የጫማ መሆኑ ትዝ አላትና እጇን መለሰች። ማንም ያየ አልመሰላትም። ወረቀቴን ሳላስፈርም ተመለስኩ።

ብሩሿ ጠማማ ነበረች። ጥራት ተቆጣጣሪው ለይቶ እንከን ካለባቸው ጋር አስቀመጣት። ዛሬ ከሥራ መውጫ ላይ ሽያጭ ክፍል ሄጄ ያችን ስጡኝ አልኩ። «እንከን ስላለባት በግማሽ ዋጋ ይውሰዷት» አለችኝ ሻጯ።

እምቢ አልኩ። ሙሉ ዋጋዋን ከፈልኩ፣ የጋራ ወጪዋን ጨምሮ።